ፕሮግራሙ የሞተበትን ቦታ ራሱ ይነግራችኋል

ደሴና ኮምቦልቻ ሆነው የሜይንፍሬም አሰምብለር መማር የጀመሩ ልጆች ጥያቄ ይልኩልኛል። ገሚሱ በርቀት ሥራ አገኛለሁ ብሎ ነው የሚማረው። ገሚሱ ደግሞ ኮምፒውተር ከሆዱ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፈልጎ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ዓይነት ነው። «ፕሮግራሜ ኤስ0ሲ7 ብሎ ቆመ፣ ምን ላድርግ?» ይላል። አለቀ። ኤስ0ሲ7 ፕሮግራም ሲሞት ስርዓቱ የሚሰጠው የመሞቻ ኮድ ነው። መልስ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ መስመር መቀያየር ይጀምራሉ፤ አንዱን ትዕዛዝ ያጠፋሉ፣ ሌላ ይጨምራሉ፣ እንደገና ያስኬዱታል፣ እንደገና ይሞታል።

ይሄ ግምት ነው። አሰምብለር ላይ ግምት አያዋጣም፣ አያስፈልግምም። ሜይንፍሬም ላይ ፕሮግራም ሲሞት የት እንደሞተ፣ በምን ምክንያት እንደሞተና በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ሬጅስተር (ማሽኑ የሚሠራበትን ቁጥር የሚይዝባት ትንሽ ቦታ) ምን ይዞ እንደነበር ጽፎ ነው የሚሄደው። ያ ጽሑፍ ዳምፕ ይባላል። ሰው ሲያየው ያስፈራል፣ ገጽ ሙሉ ቁጥር ነው። ግን ከሱ ውስጥ የምትፈልጉት ሦስት አራት ነገር ብቻ ነው። አብሽሩ፣ አብረን እናነበዋለን።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው ትንሽ ልበል። ሜይንፍሬም ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና አየር መንገዶች ከባድ ሂሳባቸውን የሚያካሂዱበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። በብዛት የሚታወቀው የአይቢኤሙ ዜድ ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ይፋ ከሆነው ሲስተም/360 ነው። ያኔ ለዚያ ማሽን የተጻፈ ተራ ፕሮግራም ዛሬም ባለ 64 ቢቱ ማሽን ላይ መሄድ ይችላል፤ አሮጌ ኮድ እስካሁን በሥራ ላይ ያለውም ለዚህ ነው። አሰምብለር ደግሞ ማሽኑ የሚያውቃቸውን ትዕዛዞች አንድ በአንድ፣ በአጭር ስም የምንጽፍበት ቋንቋ ነው። መካከል ላይ ሆኖ የሚያስተካክልላችሁ ነገር የለም። ከ0 እስከ 15 ቁጥር የተሰጣቸው 16 ሬጅስተሮች አሉ፣ ሜሞሪ አለ፣ ትዕዛዝ አለ። በቃ።

ለመለማመድ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ሄርኩለስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ሮጀር ቦውለር በ1999 የጀመረው፣ ተራ ላፕቶፕን እንደ ሜይንፍሬም የሚያስመስል። እሱ ላይ ኤምቪኤስ 3.8ጄ የሚባለውን፣ በነፃ የሚገኘውን አሮጌ የአይቢኤም ስርዓት ትጭናላችሁ። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ይሄ ለኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቀንም ልምምድ አይቆምም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ መብራት ሊጠፋ ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ስርዓቱን በሥርዓት ዝጉት። ዲስኩ ላይ እየጻፈ በድንገት ከተቋረጠ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

አሁን ወደ ኤስ0ሲ7። ምሳሌ እንውሰድ። የጤፍ ሽያጭ የተመዘገበበት ፋይል አለ። እያንዳንዱ መስመር የገዢ ስምና የዋጋ ቦታ አለው። ዋጋው 5 ቦታ ይይዛል፣ ለምሳሌ 00850። ፕሮግራሙ መስመሩን ያነባል፣ ዋጋውን ፓክ በሚባለው ትዕዛዝ ያጨቀዋል፣ ከዚያ ኤፒ በሚባለው ትዕዛዝ ድምሩ ላይ ይጨምረዋል። ቀላል ሥራ ነው። ሀያ መስመር ያነብና ሀያ አንደኛው ላይ ይሞታል።

ለምን እንደሚሞት ለማየት ቁጥሩ ሜሞሪ ውስጥ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለባችሁ። ሜይንፍሬም ፊደልና ቁጥር የሚጽፍበት ኮድ ኤብሲዲክ ይባላል። የሌሎቻችን ኮምፒውተር የሚጠቀመው አስኪ ሌላ ነው። ሜሞሪው የሚታየው በሄክስ ነው፣ ማለትም በ16 በሚቆጥር አጻጻፍ፣ ከ9 በኋላ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ እያለ የሚሄድ። በኤብሲዲክ የ0 ኮድ ኤፍ0 ነው፣ የ5 ኤፍ5፣ የ8 ኤፍ8። ስለዚህ 00850 ሜሞሪ ውስጥ ኤፍ0 ኤፍ0 ኤፍ8 ኤፍ5 ኤፍ0 ሆኖ ይቀመጣል። ፓክ ይሄን ሲያጭቀው ከእያንዳንዱ ባይት (አንድ ባይት ሁለት የሄክስ ምልክት ነው) የቀኙን ግማሽ ይወስዳል፣ የመጨረሻውን ባይት ደግሞ ግራና ቀኙን ይገለብጣል። ውጤቱ 00 85 0ኤፍ ይሆናል። አምስቱ አሃዞች ገብተዋል፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ኤፍ ደግሞ የመደመር ምልክት ሆና ታገለግላለች። እዚያች ቦታ ላይ ከኤ እስከ ኤፍ ያለ ምልክት መኖር አለበት፣ አሃዞቹም ከ0 እስከ 9 መሆን አለባቸው። ከዚህ ከወጣ ማሽኑ አይደምርም።

አሁን ሀያ አንደኛው መስመር ላይ ዋጋው ሳይሞላ ባዶ ቀርቷል እንበል። በኤብሲዲክ ባዶ ቦታ 40 ነው። ስለዚህ 40 40 40 40 40 አለን። ፓክ ያጭቀዋል፦ 00 00 04። መጨረሻ ላይ ያለችውን 4 እዩ። ምልክት አይደለችም። እና እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ፓክ አይሞትም። ፓክ የሚያጭቀውን ነገር ትክክለኛነት አይመረምርም፣ የተሰጠውን ገልብጦ ያልፋል። የሚሞተው ቀጥሎ ያለው ኤፒ ነው፣ ምክንያቱም ሊደምር ሲል ምልክቱን ያያል። ስለዚህ ፓክ የሚለውን መስመር ስትነካኩ ብትውሉ ምንም አታገኙም፣ ኤፒንም ብታጠፉት ችግሩ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም።

ይሄን ሁሉ ሳታውቁ ከዳምፑ እንዴት ትደርሱበታላችሁ? መጀመሪያ ዳምፕ መኖር አለበት። ጄሲኤሉ (ስርዓቱ ፕሮግራሙን እንዲያስኬድ የምታዙበት ጽሑፍ) ላይ፣ ፕሮግራሙ በሚሄድበት ስቴፕ ውስጥ፣ ሲስዩዳምፕ የሚል የዲዲ መስመር (ፋይል ወይም ውጤት የት እንደሚገኝ የሚናገር መስመር) ካልጨመራችሁ ዳምፕ አይወጣም፣ የመሞቻ ኮዱን ብቻ ነው የምታዩት። ይሄን መስመር ሁሌም አስገቡ፣ ጉዳት የለውም።

ዳምፑ አናት ላይ ፒኤስደብልዩ የሚል አለ። ይሄ ማሽኑ አሁን የት ደርሶ እንደነበር የሚይዝ መዝገብ ነው። የመጨረሻው ክፍሉ አድራሻ ነው፣ እንበልና 00092056። አጠገቡ አይኤልሲ 6 ይላል፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የመቋረጫ ኮድ 0007። ይሄ 7 ነው ኤስ0ሲ7 ላይ ያለው 7፤ የዳታ ስህተት ማለት ነው። ፕሮግራሙ የተጫነበትን መነሻ አድራሻም ዳምፑ ላይ ታገኛላችሁ፣ እንበልና 092000።

ሂሳቡ ይሄ ነው። 092056 ሲቀነስ 092000፣ 56 ይሆናል። ፒኤስደብልዩ የሚያሳየው ቀጥሎ ሊሠራ የነበረውን ትዕዛዝ ስለሆነ አይኤልሲውን፣ ማለትም የሞተውን ትዕዛዝ ርዝመት፣ 6ን ትቀንሳላችሁ። 50። ቅነሳው በሄክስ መሆኑን አትርሱ፣ የላፕቶፑን ካልኩሌተር ወደ ፕሮግራመር ስልት ቀይሩት። አሁን አሰምብለሩ ያወጣውን ሊስቲንግ፣ ማለትም ኮዱን ከነአድራሻው የሚያሳየውን ዝርዝር፣ ክፈቱና በግራ በኩል 000050 የሚለውን መስመር ፈልጉ። ኤፒው እዚያ ተቀምጧል። ፕሮግራማችሁ ከብዙ ክፍሎች የተያያዘ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ክፍል የት እንደሚጀምር የሚያሳየውን የሊንክ ማፕ አይታችሁ የክፍሉንም መነሻ መቀነስ ይኖርባችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የመሞቻ ኮዱ ኤስ0ሲ4 (ኋላ እናየዋለን) ሆኖ የመቋረጫ ኮዱ በሄክስ 10 ወይም 11 ከሆነ አትቀንሱ። በዚያን ጊዜ ፒኤስደብልዩ የሚያሳየው ራሱን የሞተውን ትዕዛዝ ነው። ቀንሳችሁ ከሱ በፊት ያለውን ንጹህ ትዕዛዝ ስትወቅሱ እንዳትገኙ።

ቦታውን ካገኛችሁ በኋላ ቀሪው ዳታውን ማየት ነው። ሊስቲንጉ ላይ ትዕዛዙ ከነማሽን ኮዱ አለ፣ መጨረሻው ላይ ሲ092 ይላል። ሲ በሄክስ 12 ናት፣ ስለዚህ ሬጅስተር 12 ላይ 092 ጨምር ማለት ነው። ዳምፑ ላይ ሬጅስተር 12ን እዩ፣ 00092006 ይላል እንበል። ሲደመር 092098። አሁን ዳምፑ ውስጥ 092098 ያለበትን መስመር ፈልጉ። እዚያ 000004 ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ጥፋተኛው ይሄ ነው። የማንበቢያ ቋቱን ደግሞ ብታዩ ሀያ አንደኛው መስመር ከነገዢው ስም፣ ከነባዶ ዋጋው ቁጭ ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ሁለቱንም ወገን ማየት ግን ልማድ ይሁናችሁ። ኤፒ ሁለት ቁጥር ነው የሚደምረው፣ ድምር መያዣው ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በተለይ ድምር መያዣውን በዲኤስ ካወጃችሁት። ዲኤስ ቦታ ብቻ ይይዛል፣ ውስጡ ምን እንዳለ ዋስትና የለም። ዲሲ ነው ዜሮ አስገብቶ የሚያዘጋጅላችሁ። ይሄኛው ስህተት ከሆነ ፕሮግራሙ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የሚሞተው፤ ሀያ መስመር ሄዶ ከሞተ ዲኤስን መጠርጠር ትርጉም የለውም። ስንተኛው መስመር ላይ እንደሞተ ማወቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ማስተካከያውን በተመለከተ ሰዎች ሁለት መንገድ ይሄዳሉ። አንዱ ምልክቷን በግድ ወደ ኤፍ መቀየር ነው። ፕሮግራሙ አይሞትም፣ ባዶው እንደ 0 ብር ይደመራል። እኔ ይሄን አልወደውም። ያልተሞላ ዋጋ ዜሮ ብር አይደለም፣ ያልተሞላ ነው። የአንድ ኩንታል ሂሳብ ድምሩ ውስጥ ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል፣ ከወር በኋላ ሂሳብ አልገጥም ሲል ማንም ወደዚህ ተመልሶ አይመጣም። ይልቅ ከመጨቁ በፊት መስኩን መርምሩ፣ ካልሆነ መስመሩን ወደ ስህተት ዝርዝር አውጡትና ቀጥሉ። አዲሶቹ ማሽኖች ላይ ቲፒ የሚባል፣ የታጨቀ ቁጥር ትክክል መሆኑን ሳይሞት የሚመረምር ትዕዛዝ አለ። አሮጌው ኤምቪኤስ ላይ የለም፣ እዚያ በንጽጽር ትዕዛዝ መሥራት አለባችሁ።

ከኤስ0ሲ7 ሳልወጣ ፋይል ዝውውርን ላንሳ። ላፕቶፕ ላይ ያዘጋጃችሁትን ፋይል ወደ ሜይንፍሬሙ ስትልኩ እንደ ጽሑፍ ወይስ እንደ ባይነሪ የሚል ምርጫ አለ። እንደ ጽሑፍ ከላካችሁት በመንገድ ላይ ከአስኪ ወደ ኤብሲዲክ ይቀየራል፣ ተራ ጽሑፍ ከሆነ የምትፈልጉት ይሄንን ነው። በባይነሪ ከላካችሁት አይቀየርም፤ 00850 እዚያ ሲደርስ የአስኪ ኮዱን እንደያዘ 30 30 38 35 30 ነው። ሲታጨቅ 00 85 03። ምልክቷ 3 ሆነች፣ ሞት ነው። በተቃራኒው ደግሞ የታጨቁ ቁጥሮች ያሉበትን ፋይል እንደ ጽሑፍ ካዘዋወራችሁት ቀያሪው ቁጥሩን ፊደል መስሎት ይለውጠዋል፣ ያ ፋይል ተመልሶ አይስተካከልም፣ እንደገና መላክ ነው። እና መጀመሪያው መስመር ላይ ከሞተ፣ ዳታው ደግሞ በ3 የሚጀምሩ ባይቶች ከሆኑ፣ ኮዳችሁን ተዉትና የዝውውር ምርጫችሁን እዩ።

የአማርኛ ስም ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይነሳል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ኮምቦልቻ ብላችሁ ስትጽፉ 5 ፊደል ነው ግን 15 ባይት። ለስም 20 ባይት ቦታ ከያዛችሁ 6 ፊደል ነው የሚበቃው፣ ሰባተኛው መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ተራው ኤብሲዲክ ደግሞ ጭራሽ የፊደላችን ቦታ የለውም፤ ለዚህ ስሙን እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ባይት ይዛችሁት እንዳይቀየር መጠበቅ ነው ያለው።

ወደ ኤስ0ሲ4 እንለፍ። ትርጉሙ መንካት የማይገባችሁን ሜሞሪ ነካችሁ ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ቤዝ ሬጅስተር፣ ማለትም ርቀት የሚቆጠርበትን አድራሻ የያዘው ሬጅስተር ነው፣ እሱን ሳይረዱ ደግሞ አሰምብለር መጻፍ አይቻልም።

ደሴ ውስጥ አድራሻ እንዴት ነው የምንናገረው? የቤት ቁጥር አንጠራም። «ከፒያሳ ወደ ታች፣ ሦስተኛው በር» እንላለን። ማሽኑም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ትዕዛዝ ውስጥ ሙሉ አድራሻ አይጻፍም። የሚጻፈው አንድ ሬጅስተርና ከሱ ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ የተሰጠው ቦታ 12 ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 4095 ብቻ መድረስ ይችላል። ሬጅስተሩ ፒያሳን ካልያዘና ሰኞ ገበያን ከያዘ፣ ሦስተኛው በር ላይ የምታገኙት የሌላ ሰው ቤት ነው።

ዩዚንግ የሚለው መስመር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። ዩዚንግ ምንም ዓይነት የማሽን ትዕዛዝ አይፈጥርም። ለአሰምብለሩ «ሬጅስተር 12 ይሄን አድራሻ ይይዛል ብለህ አስላ» የምትሉበት ቃል ነው። ሬጅስተሩ ውስጥ አድራሻውን የሚያስገባው ሌላ ትዕዛዝ ነው፣ በድሮው ልማድ ቢኤኤልአር 12፣0። ዩዚንግ ጽፋችሁ ቢኤኤልአሩን ከረሳችሁት አሰምብለሩ ያምናችኋል፣ አንድም ስህተት ሳያሳይ ይጨርሳል፣ ሲሄድ ግን ሬጅስተር 12 ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ስለሆነ ፕሮግራሙ ይሞታል። መሀል ላይ ሬጅስተር 12ን ለሌላ ሥራ ከተጠቀማችሁበትም እንደዚያው። ስለዚህ ኤስ0ሲ4 ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ዳምፑ ላይ ሬጅስተር 12 ያለው ዋጋ ከፕሮግራሙ መነሻ አጠገብ ነው ወይ? 092006 ከሆነ ጤነኛ ነው። 00000003 ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ፕሮግራሙ ከ4096 ባይት ሲበልጥ ደግሞ አንድ ቤዝ አይበቃም። ይሄኛውን አሰምብለሩ ራሱ ይነግራችኋል፣ አልደርስበትም ይላል። ሁለተኛ ቤዝ መጨመር ወይም ዳታውን ማቅረብ ነው።

ሁለተኛው የኤስ0ሲ4 ምንጭ ኤልን እና ኤልኤን መቀላቀል ነው። ኤልኤ አድራሻውን ራሱን ሬጅስተር ውስጥ ያስገባል። ኤል ደግሞ አድራሻው ላይ ያለውን 4 ባይት ያመጣል። የሠንጠረዥ አድራሻ ፈልጋችሁ ኤል ብትጽፉ ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ጽሑፍ አድራሻ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይሄን ከዳምፑ በዓይን መለየት ይቻላል። ሬጅስተሩ 40404040 ካለ አራት ባዶ ቦታ ነው የጫናችሁት። በኤፍ የሚጀምሩ ባይቶች ከደረደረ አሃዝ ነው፣ በሲ፣ በዲና በኢ የሚጀምሩ ከሆኑ ፊደል ነው። አድራሻ እንደዚያ አይመስልም።

ኤስ0ሲ1 ማለት ማሽኑ ትዕዛዝ ነው ብሎ ያነበበው ነገር ትዕዛዝ ሳይሆን ቀረ ማለት ነው። ወይ ፕሮግራሙ ሳይመለስ ቀጥ ብሎ ወደ ዳታው ክፍል ገብቷል፣ ወይ ወደ ተሳሳተ አድራሻ ዘሏል። ፒኤስደብልዩው ላይ ያለው አድራሻ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሁለተኛው ነው፣ እና «ከየት ነው የዘለልኩት?» የሚለውን ሬጅስተር 14 ይነግራችኋል፤ በቢኤኤልአር 14፣15 ስትጠሩ መመለሻ አድራሻው እሱ ላይ ይቀራልና። ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሊስቲንጉ ላይ ያለው ጥሪ ነው ተጠያቂው።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚያስለቅሰው። ፕሮግራሙ ትክክለኛ ውጤት ያወጣል፣ ሪፖርቱን ያትማል፣ ግን አይቆምም። ወይ አንዱን መስመር ደጋግሞ ያትማል። በመጨረሻ ኤስ322 ይላል፣ የተፈቀደለት ሰዓት አለቀ ማለት ነው። ወይም ኤስ722፣ የተፈቀደው የሕትመት መጠን አለፈ። ሰው እንግዲህ ሉፑን፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚሄደውን የኮድ ክፍል፣ ይመረምራል፣ ሉፑ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ሬጅስተር 13 ላይ ነው።

ስምምነቱ እንዲህ ነው። ሬጅስተር 13 ሁልጊዜ 72 ባይት ወደሆነ ማስቀመጫ ያሳያል። ይሄን ማስቀመጫ ያዘጋጀው የጠራችሁ አካል ነው። እናንተ ስትገቡ በኤስቲኤም 14፣12 የሱን ሬጅስተሮች፣ ከማስቀመጫው መነሻ 12 ባይት አልፎ ካለው ቦታ ጀምሮ፣ ታስቀምጡለታላችሁ። ስትወጡ በኤልኤም መልሳችሁ ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ በሬጅስተር 14 ትመለሳላችሁ። እናንተም ሌላ ፕሮግራም የምትጠሩ ከሆነ የራሳችሁን 72 ባይት አዘጋጅታችሁ ሬጅስተር 13ን ወደዚያ ማዞር አለባችሁ።

ካላዞራችሁት ምን ይሆናል? የጠራችሁት ፕሮግራም እሱም በተራው በስምምነቱ መሠረት ሬጅስተሮቻችሁን ሬጅስተር 13 ወደሚያሳየው ቦታ ያስቀምጣል። ያ ቦታ ግን ከናንተ በፊት ያለው አካል ማስቀመጫ ነው፣ የናንተ መውጫ እዚያ ነበር የተጻፈው። ተደመሰሰ። በቦታው የተጻፈው ሬጅስተር 14 ከጥሪው ቀጥሎ ያለው የናንተው መስመር ነው። የጠራችሁት ፕሮግራም በሰላም ይመለሳል፣ ሥራችሁን ትጨርሳላችሁ፣ ልትወጡ ኤልኤም ስትሉ ሬጅስተር 14 ወደ ራሳችሁ ይመልሳችኋል። እንደገና እስከ መጨረሻው፣ እንደገና ወደ ኋላ። ማሽኑ ያዘዛችሁትን ነው የሚያደርገው።

መድኃኒቱ በትክክለኛ ቅደም ተከተል ሁለት መስመር ነው። መጀመሪያ አሮጌውን ሬጅስተር 13 በአዲሱ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከመነሻው 4 ባይት አልፎ ባለው ቦታ ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ነው ሬጅስተር 13ን ወደ አዲሱ የምታዞሩት። ከገለበጣችሁት አሮጌው ይጠፋል። ስትወጡ ደግሞ መጀመሪያ ሬጅስተር 13ን ከዚያው ቦታ መልሱ፣ ከዚያ ኤልኤም። እነዚህን መስመሮች በእያንዳንዱ ፕሮግራም አናት ላይ እንደ ሰላምታ ጻፏቸው፣ ሌላ ፕሮግራም ባትጠሩም።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። መስመር 72ኛው ቦታ ላይ ባዶ ያልሆነ ነገር ካለ አሰምብለሩ ቀጣዩን መስመር የዚህ ቅጥያ አድርጎ ይወስደዋል፤ ማስታወሻችሁን አስረዝማችሁ እዚያ ከደረሳችሁ ቀጣዩ ትዕዛዝ ይዋጣል። ከቴሌግራም ኮድ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ክፍተቶቹ ይቀያየራሉ፣ ታብ የሚባለውም ይገባል፤ መጀመሪያው ቦታ ላይ የተጻፈ ነገር መለያ ስም ስለሚሆን ትዕዛዙ ስም ተደርጎ ይቆጠራል። ርዝመቱ የሚቀያየር ጽሑፍ በኢኤክስ (ሌላ ትዕዛዝን ርዝመቱን ከሬጅስተር ወስዶ በሚያስኬደው ትዕዛዝ) ስታንቀሳቅሱ ሬጅስተሩ ውስጥ የሚገባው ርዝመቱ ሲቀነስ 1 ነው፣ ርዝመቱ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ሲቀነስ 1 ብላችሁ 256 ባይት ታንቀሳቅሳላችሁና አስቀድማችሁ ዜሮ መሆኑን ጠይቁ። ለአዲስ ማሽን የተጻፈ ምሳሌ ወስዳችሁ ኤምቪኤስ 3.8ጄ ላይ ብትሞክሩት አሰምብለሩ ትዕዛዙን አላውቀውም ሊላችሁ ይችላል፤ ኮዱ ልክ ነው፣ ዘመኑ ነው የማይገጥመው። ኤስ806 ደግሞ ፕሮግራሙን አላገኘሁትም ማለት ነው፣ ስሙንና ላይብረሪውን አረጋግጡ፣ ኮዱን አትንኩ።

ጥያቄ ስትልኩም ከዚሁ አንጻር ላኩ። ከኮምቦልቻ የምትማር አንዲት ልጅ መጀመሪያ «ጋሼ አልሠራ አለኝ» ከሚል ጽሑፍ ጋር የስክሪን ፎቶ ላከችልኝ፣ ፎቶው ላይ ኮዱ ግማሹ የለም። የሚያስፈልገኝን ነገርኳት። ማታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጋሼ፣ ኤስ0ሲ4 ነው፣ የመቋረጫ ኮዱ 11። ከመነሻው ስቀንስ 7ኤ ላይ ነው፣ ኮዱ 11 ስለሆነ አይኤልሲውን አልቀነስኩም። ሊስቲንጉ ላይ እዚያ ያለው ከሬጅስተር 5 ላይ የሚያነብ ኤል ነው። ሬጅስተር 12 ደህና ነው። ሬጅስተር 5 ግን 40404040 ይላል።»

መልስ መጻፍ ጀምሬ ሳልጨርስ ሌላ መልእክት ገባ። «ተወው ጋሼ፣ አገኘሁት። ከፍ ብሎ ሬጅስተር 5ን የሞላሁት በኤል ነው፣ ኤልኤ መሆን ነበረበት።»